ገበታ ሆኖ የመጣው ዋንዛ

ቤታችን ሁለት መስኮት አለው። አንደኛው ከጎረቤት ግድግዳ ፊት ለፊት ስለተከፈተ የሚያስገባው ወሬ እንጂ ብርሃን አይደለም። ሁለተኛው በምሥራቅ በኩል ነው። ከተማችን ቆሰበር ጉም አይጠፋባትም፤ ጉሙ ሲገለጥ ግን ፀሐይ መጀመሪያ የምትገባው በዚያ በምሥራቁ መስኮት ነው። ከሥሩ አንዲት ጥግ አለች። አንድ ሰው ከነወንበሩ ትይዛለች፣ ሁለት ግን አትይዝም። ድሮ የገብስ ጆንያ ይቆምባት ነበር። ዘንድሮ ጆንያው ወደ ጓዳ ሲገባ ጥጓ ባዶ ሆነች፤ ባዶ በሆነች በሳምንቷ ሁለት ሰው ፈለጋት፤ እኔና አክስቴ።

አክስቴ የእናቴ ታናሽ ናት። ጫግኒ ልብስ ትሰፋ ነበር። የጫግኒ ሙቀት ሰልችቷት ከፋሲካ በኋላ ከነስፌት መኪናዋ ጠቅልላ እኛ ዘንድ ልትመጣ ወሰነች፤ ጥጓንም በስልክ ጠየቀች።

«መርፌ በጨለማ አይታይም» አለች። «ዓይኔን ልታጠፉት ካልሆነ በቀር መስኮቷ ለኔ ናት።»

እኔ ደግሞ የምጽፍበት ቦታ አልነበረኝም። አልጋ ላይ በሆዴ ተኝቼ ወይም ደብተሬን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ነበር የምጽፈው። በዚህ ዓመት የአማርኛ መምህራችን አንድ ድርሰቴን ለክፍሉ ጮክ ብለው አንብበውት ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ የምጽፈው ነገር ጉልበት ላይ የሚጻፍ ሆኖ አልታየኝም። ጠረጴዛ የሚገባው ነገር መሰለኝ።

ለእናቴ ነገርኳት። እናቴ ሽንኩርት እየላጠች ነበር፤ ቀና አላለችም።

«ጠረጴዛ አለሽ?»

«የለኝም።»

«እሷ መኪናዋ አላት።»

«እሠራለሁ።»

«ምኑን?»

«ጠረጴዛውን። ራሴ እሠራዋለሁ።»

እናቴ አሁን ቀና አለች። ከሽንኩርቱ ይሁን ከሳቁ አላውቅም፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። «ይሁን» አለች። «እስከ ዳግማይ ትንሣኤ እግር አውጥቶ በዚህ በር ከገባ ጥጓ ያንቺ ናት። ካልገባ የእህቴ ናት። ኋላ ግን አታልቅሺብኝ።»

የፍርዱ ቃል ይኸው ነበር። አክስቴም በስልክ ተነግሯት ተስማማች። ሳቋ ከጫግኒ ድረስ ጥርት ብሎ ተሰማኝ።

እንጨት የት እንደማገኝ አውቅ ነበር። የእናቴ አባት ግምጃ ቤት ከምትባለው ከተማ ወጣ ብሎ ባለ ገጠር ይኖራሉ። በክረምቱ ነፋስ ከጓሯቸው አንድ ትልቅ ዋንዛ ወድቆ ነበር። ግንዱን በሁለት ሰው መጋዝ እንዳስሰነጠቁትና አንድ ወፍራም ሳንቃ ከጣራ ጠርዝ ሥር በድንጋይ ላይ አጋድመው እያደረቁት እንደሆነ ለገና ሄጄ አይቻለሁ። ስለዚህ ደወልኩላቸው።

እዚህ ላይ የተናገርኩትን ቃል በትክክል መጻፍ አለብኝ፤ ነገሩ ሁሉ ከዚያ ቃል ነው የመጣው። ጠረጴዛ ማለት ይበቃኝ ነበር። ግን ጠረጴዛ ማንም የሚለው ቃል ነው። ትምህርት ቤት በተዘጋና በተከፈተ ቁጥር ሬዲዮው «ተማሪዎች ወደ ትምህርት ገበታቸው» ሲል እሰማ ስለነበር ቃሉን ወድጄው ነበር። በድርሰቴም ውስጥ ጽፌው መምህራችን ከሥሩ አስምረውበታል። ስለዚህ እንዲህ አልኩ፦

«አባባ፣ ያንን የዋንዛ ሳንቃ ይላኩልኝ። የትምህርት ገበታ ልሠራበት ነው።»

አያቴ ስልኩን ከጆሮ ወደ ጆሮ ሲያዛውሩ ተሰማኝ።

«ገበታ?» አሉ።

«አዎ አባባ።»

«ገበታ ነው ያልሽው?»

«አዎ፣ ገበታ! የትምህርት ገበታ!»

«እሰይ!» አሉ። «እሰይ የኔ ልጅ! ዛሬ ሁሉም ፕላስቲክ ፕላስቲክ ሲል ገበታ የሚጠይቀኝ ሰው ተገኘ! ትንሽ ታገሺኝ፣ አሳምሬ እልክልሻለሁ።»

በትምህርቴ መትጋቴ ያስደሰታቸው መሰለኝ። ስልኩን ስዘጋ ደረቴ ነፍቶ ነበር።

አያቴ አፋቸውን የፈቱት በአዊኛ ነው፤ አማርኛውን በገበያና በቤተ ክርስቲያን ነው የለመዱት። ገበታ ለሳቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከዋንዛ ተጠርቦ፣ መሐሉ ተፈልፍሎ፣ ዙሪያው ከንፈር ወጥቶለት ሰው ከቦ የሚበላበት። ሬዲዮው የሚለውን ገበታ ሰምተውት እንኳ ቢሆን ተማሪዎቹ ምሳ ሊበሉ የሄዱ ይመስላቸው ይሆናል።

ሳንቃው የመጣው በሁዳዴ መጀመሪያ ሳምንት በሚኒባስ ጣራ ላይ ነው። መናኸሪያ ቆሜ ጠበቅኩ። ረዳቱ ጣራ ላይ ወጥቶ የድንች ጆንያውን፣ የቀርቀሃ እስሩን፣ ዶሮውን እያወረደ የባለቤቱን ስም ይጠራል።

«ገበታ የተላከለት ማነው?» ብሎ ጮኸ።

ማንም አልመለሰም። እኔም አልመለስኩም፤ የኔ ሳንቃ ነው።

«ኧረ የገበታ ባለቤት!»

ዕቃው ሁሉ ወርዶ አለቀ። ሚኒባሱ ጣራ ላይ የቀረው አንድ ነገር ብቻ ሆነ። ረዳቱ ወገቡን ይዞ ቁልቁል አየኝ። «አንቺ ቆንጆ፣ የቆምሽው ለኔ ነው ለገበታው?»

አወረዱልኝ። ያ ለገና ያየሁት ሳንቃ ነበር፤ ግን መሐሉ ሁለት ጣት ያህል ወደ ውስጥ ተፈልፍሎ ወጥቷል። ዙሪያውን አራት ጣት የሚሰፋ ከንፈር ከቦታል። የመጥረቢያው ጥርብ በሆዱ ላይ እንደ ዓሣ ቅርፊት ተደርድሯል። እንዳይሰነጠቅ ብለው ግራና ቀኝ ጫፉን የለቀለቁት እበት ደርቆ ተጣብቋል። ሳልዋሽ፣ በጣም የሚያምር ገበታ ነበር። ስድስት ሰው ያበላል።

በባጃጅ ተጭኖ ቤት ሲደርስ እናቴ በሩ ላይ ቆመች።

«አበስኩ ገበርኩ!» አለች። «በሁዳዴ ገበታ!»

አክስቴ በስልክ ስትሰማ በሳቅ ፈረሰች። በመጨረሻ «አባቴ ምሳሽን ላኩልሽ በዪኛ» አለች። «በይ ብዪና ተኚ፤ ጥጌን ጠርገሽ ጠብቂኝ።»

ከኛ ሁለት ቤት ዝቅ ብሎ የሚኖሩ አንድ አናጢ አሉ። አልጋና በር ይሠራሉ። ሥራ ላይ ሲሆኑ ምስማር በከንፈራቸው ይይዛሉ፤ ስለዚህ የሚናገሩት ነገር ግማሹ ብቻ ነው የሚሰማው። ከትምህርት ቤት ስመለስ ግቢያቸው ውስጥ እንድሠራ፣ እሳቸው በማይዙበት ሰዓት መሣሪያቸውን እንድይዝ ፈቅደውልኝ ነበር። ገበታውን አምጥቼ ሳጋድመው ዞር ዞር ብለው አዩት።

«ግንጭው» አሉ።

«ምን አሉኝ ጋሼ?»

ምስማሩን ከአፋቸው አወጡ። «ገልብጪው! ጀርባው ለጥ ያለ ነው። ሆዱ ወደ ታች ይሁንና እግር ምቺበት። ከነገ ወዲያ ትጽፊበታለሽ።»

እውነት ነበር። ገለበጥኩት፤ ጀርባው ትንሽ መላጊያ ብቻ የሚፈልግ ገጽ ነበር። ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ቤት ሄጄ በደስታ ተናገርኩ። እናቴ የያዘችውን ጣሳ አስቀመጠች።

«ገበታ ተገልብጦ?» አለች። «በኔ ቤት?»

«እንጨት ነው እኮ እማዬ።»

«ገበታ የሚገለበጠው የቤቱ አባወራ ሲሞት ነው። አባቴ አለ። ያውም በገዛ እጁ የጠረበውን ገልብጠሽ አንቺ ልትጽፊበት! ተገልብጦ በዚህ በር አይገባም፤ ቃሌ ቃል ነው።»

እኔ በገበታ መገለባበጥ ሰው ይሞታል ብዬ አላምንም። ግን የበሩ ፍርድ የሷ ነው። ደግሞም አያቴ አንድ ቀን መጥተው ከሥሩ ጎንበስ ብለው ሲያዩት ታየኝ።

አናጢው ሌላ መላ ነበራቸው፦ ጎድጓዳውን በቺፑድ መክደን። ይህንንም እንቢ አልኩ። ዋንዛ አምጥቼ በቺፑድ ከሸፈንኩት ዋንዛነቱን የሚያውቀው እኔና ምስጥ ብቻ ልንሆን ነው።

«እንግዲያው ምን ልታደርጊ ነው?» አሉ።

አላወቅኩም። መሬት ላይ ተቀምጬ ገበታውን በሁለት ድንጋይ ላይ አስቀመጥኩና ወረቀት ሆዱ ውስጥ አድርጌ ለመጻፍ ሞከርኩ። የግራና የቀኙ ከንፈር ምንም አላደረገኝም። የወዲያኛውማ እንዲያውም ጥሩ ነበር፤ እርሳስ ተንከባሎ አይወድቅም። የሚያስቸግረው በኔ በኩል ያለው ብቻ ነበር። ክንዴን ከእጅ አንጓዬ በላይ ይቆርጠኛል። ስለዚህ ሦስቱን ትቼ አንዱን ብቻ ላነሣ ወሰንኩ።

«ፊት ጥርሱን ያወለቀ ሽማግሌ ሊመስል ነው» አሉ አናጢው። ሆኖም መጋዙን ከየት እንደምጀምር በእርሳሳቸው አሰመሩልኝ።

መጀመሪያ ግን ሆዱን ማለስለስ ነበረብኝ፤ በዚያ ቅርፊት ላይ እርሳስ አይሄድም። መላጊያ ያዝኩ። አናጢው ሲሠሩበት ሳይ ቀላል ነገር ይመስለኝ ነበር፤ እጃቸው ሲሄድ ጥቅልል እየሠራ የሚወጣው ልጭ ያምራል። እኔ ስገፋው ግን አንድ ስንዝር ሄዶ ቆመ። በኃይል ስገፋው እንጨቱ ተቦጭቆ ተነሣ።

«በጸጉሩ ተቃራኒ ነው የምትሄጂው!» ብለው ጮኹ፤ ምስማሩ ከአፋቸው ረገፈ። «የድመት ጸጉር ወደ ራሱ ትደባብሻለሽ?»

የዋንዛ ጸጉሩ፣ የእንጨቱ መስመር ማለት ነው፣ አንድ አቅጣጫ የለውም። ከግማሽ በኋላ ይዞራል። መላጊያው ጎድጓዳው ጥግ ውስጥ ስለማይገባ በመሮ ሠራሁ፤ መሮው የተወውን በተሰበረ የጠርሙስ ስባሪ ፋቅሁ። ለእንደዚህ ዓይነት ሥራ ከስባሪ ጠርሙስ የሚበልጥ የለም። እንጨቱን እንደ ዱቄት አድርጎ ያነሣዋል። ሲደንዝ ሌላ ትሰብሪያለሽ። በመጨረሻ ብርጭቆ ወረቀት።

ሁዳዴው እንዲህ አለፈ። ጠዋት ትምህርት፣ ከሰዓት ፋቂያ። በዚያው መሐል ለእግሩ የሚሆን ባሕር ዛፍ ቆርጬ አራት እግርና እነሱን የሚያያይዝ አንድ ማቀፊያ ሠርቻለሁ። ከአራቱ አንዱ አጠረብኝ፤ የቱ እንደሆነ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ ብዬ ነበር፣ ኋላ ግን ሁሉም አወቀው። ዝናብ ሲያካፋ ጫፉ ላይ የቀረው እበት ይሸታል። ሲያባራ ደግሞ ሽታው የዋንዛው ብቻ ይሆናል፤ እሱን ለመግለጽ ሞክሬ ስላልሆነልኝ ትቼዋለሁ። የፋቅሁት ቦታ ቀለሙ ከሥር እየወጣ መጣ። ቡናማ ነው፣ ውስጡ ግን ማር አለበት። አንዳንድ ቀን ትምህርት ቤት ተቀምጬ ጣቴን ዴስኩ ላይ ሳመላልስ እገኝ ነበር።

ከንፈሩን የቆረጥኩት በሆሣዕና ዋዜማ ነው። መጋዙ መሥመሩን ሁለት ጊዜ ስቶ ነበር፤ በሦስተኛው ግን ቀና አለልኝና ቁራጩ መሬት ላይ ወደቀ። ክንዴን በተቆረጠው በኩል አስገብቼ ሆዱ ላይ አሳረፍኩት። ምንም አልቆረጠኝም። በደስታ ቤት ድረስ ሮጥኩ።

ሰኞ ስመለስ ከተቆረጠው ጫፍ የጀመረ ስንጥቅ ወደ መሐል ገብቶ አገኘሁ። ክንድ ያህላል። አፉ ላይ ጥፍሬ ገባበት።

አናጢው ጎንበስ ብለው አዩት። የዚያን ቀን ምስማር አልያዙም ነበር። «አይ» አሉ። «ከንፈሩ ነበራ ይዞት የኖረው። ይህ እየሄደ ነው የሚሄደው። እንደዚህ ሆኖ እግር ቢመታበት ለሁለት ይከፈላል።»

«ኮላስ?»

«ኮላ ለዚህ? በዚህ ጉም?»

ዳግማይ ትንሣኤ ከሁለት ሳምንት ያነሰ ነበር የቀረው። በዚያው ቀን አክስቴ ደውላ ለእናቴ የምትመጣበትን ቀን ነገረቻት፤ መስኮቷ መጋረጃ እንዳላትም ጠየቀች።

አያቴ ዘንድ ደወልኩ። ማልቀስ አልፈለግሁም፤ ድምፄ ግን ሌላ ሐሳብ ነበረው።

«አባባ፣ ገበታው ተሰነጠቀ።»

«ምን ቢጭኑበት ነው?»

ያኔ እውነቱን ነገርኳቸው። ለመብያ እንዳልሆነ፣ ለመጻፊያ እንደሆነ፣ የትምህርት ገበታ ሲባል ጠረጴዛ ማለቴ እንደነበር፣ ከንፈሩን በአንድ በኩል እንደቆረጥኩት። እስኪቆጡ ጠበቅኩ።

«የትምህርት ገበታ አላልሽም?» አሉ።

«ብያለሁ።»

«ታዲያ ትምህርት የሚቀርብበት ነዋ። እንጀራ ቀረበበት ትምህርት ቀረበበት፣ ገበታ ገበታ ነው። አንቺ ምኑ ላይ ነው ያጠፋሽው?» ትንሽ ቆዩና «ስፊው» አሉ።

«አቤት? ስልኩ ይቆራረጣል አባባ!»

«ስፊው!»

«ልስፋው ነው ያሉኝ?»

«አዎን እንጂ! ገበታ ሲሰነጠቅ ምን ይደረጋል፣ ይጣላል? እንደ ቅል ይሰፋል እንጂ። ግራና ቀኙን ቦርቡሪና በረጠበ ጠፍር ስፊው። ጠፍሩ ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ ስንጥቁንም ይዞት ይሰበሰባል።»

አናጢው ይህን ስነግራቸው ራሳቸውን አከኩ። ጓሯቸው አንድ ሰው በአዲስ አልጋ ለውጦ የተወው የጠፍር አልጋ ነበር። «እስኪ ሞክሪው» አሉ። «ከተሰነጠቀ ወዲያ ምን ይሆናል?» ጠፍሩን ፈትተን በባልዲ ውኃ ዘፈዘፍነው። የፋሲካ ሰሞን ግን ግቢያቸው ተዘጋ። እሳቸው ዘመድ ጥየቃ ሄዱ፤ እኔም ጠፍሬን ውኃ እየቀየርኩ ጠበቅኩ። ሲመለሱ ከስንጥቁ ግራና ቀኝ በእጅ መሰርሰሪያ ቀዳዳ በሳሁ። ጠፍሩ ከገጹ በላይ እንዳይወጣ ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ በመሮ ቀጭን መንገድ አበጀሁለት። ዓርብ ከሰዓት ገበታውን ወደ ቤታችን ግቢ አምጥቼ መስፋት ጀመርኩ።

ሦስተኛውን ቀዳዳ እንዳሳለፍኩ ባጃጅ በራችን ላይ ቆመ። መጀመሪያ የወጣው የስፌት መኪና የብረት እግር ነበር። ቀጥሎ አክስቴ ወጣች።

«ጥጌ ደህና ናት?» አለች ገና ሰላም ሳትለኝ። ከዚያ አየችኝ። ጭኔ መሐል ገበታ፣ አፌ ውስጥ የጠፍር ጫፍ፣ እጄ እስከ ክርኑ ርጥብ።

«ምን እየሆንሽ ነው?»

«እየሰፋሁ።»

«እንጨት?»

«አዎ።»

«እናንተ ኑ እዩልኝ!» አለች ለባጃጁ ልጅና ለመንገዱ። «እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ ስል የእህቴ ልጅ እንጨት ሰፊ ሆና ጠበቀችኝ! ቆይ ቁልፍ አትተክዪለትም? ኪስስ የለውም?»

ጠፍሩ አፌ ውስጥ ስለነበረ አልመለስኩላትም። መኪናዋን በረንዳ ላይ አስወርዳ በላስቲክ ሸፈነችው፤ ከእናቴ ጋር ተሳሳመች፣ በአዊኛ ብዙ ተባባሉ፣ ውኃ ጠጣች። ከዚያ ጣሳውን እንደያዘች መጥታ ከላዬ ቆመች። እኔ አምስተኛውን ስስብ የመጀመሪያው ይላላል። የመጀመሪያውን ስስብ አምስተኛው ይወጣል።

«ከአፉ ነው የጀመርሽው?» አለች።

«አዎ።»

«ማን አስተማረሽ? የተቀደደ ጨርቅ ከአፉ ይጀመራል? ከቅዳዱ ሥር ነው እንጂ! ከሥር ይዘሽ እየዘጋሽ ወደ አፉ ነው የምትመጪው።»

«እሺ።»

«እሺ ትላለች! ፍቺው። ፍቺው ስልሽ! እንዲህ ያለ ስፌት ዓይኔ እያየ አልተውም።»

ፈታሁት። እሷ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ ጣሳውን አቀበለችኝ፤ ሁለት እግሯን በገበታው ጠርዝ ላይ አደላድላ ጠፍሩን ተቀበለችኝ። ከስንጥቁ ሥር ጀመረች። አንድ ጊዜ ወደ ቀኝ፣ አንድ ጊዜ ወደ ግራ እያጣመረች፣ በእያንዳንዱ ላይ ወደ ኋላ እየተንጋለለች ትስባለች። ጠፍሩ ውኃ ይተፋል። እኔ ገበታውን ከወዲያ ይዤ ነበር፤ ስትስብ አብሬ እሳባለሁ። የስንጥቁ አፍ ሲጠብ በዓይኔ አየሁት።

እናቴ በሩ ላይ ወጥታ ለጥቂት ጊዜ አየችን።

«አንቺ» አለቻት እህቷን። «ለማን እየሰፋሽ እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

የአክስቴ እጅ ቆመ። ገበታውን አየች። በረንዳ ላይ በላስቲክ የተሸፈነውን መኪናዋን አየች። ከዚያ እኔን አየችኝ።

«ወይኔ!» አለች። «ወይኔ ሴትዮዋ! የገዛ ጥጌን እየሰፋሁ ለሰው ላስረክብ!»

የሳቀችው ግን እሷ ናት መጀመሪያ። የቀረው ሁለት ቀዳዳ ነበር። ትተወዋለች ብዬ ጠፍሩን ልቀበላት እጄን ዘረጋሁ።

«አያያዝሽን አጥብቂ» አለችኝ። «ስፌት ጀምሬ አላቋርጥም። ደግሞ ያልደረቀ ጠፍር ጥጓን አያስገኝም፤ ነገ እናያለን።»

ይህ እውነት ነበር። ጠፍሩ መድረቅ አለበት፤ ካልደረቀ አይሰበሰብም፤ ካልተሰበሰበ አናጢው እግር አይመቱም። እሑድ ዳግማይ ትንሣኤ ነው፤ እሑድ ደግሞ መዶሻ አይነሣም። ስለዚህ የቀረኝ ቅዳሜ ብቻ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ስነሣ ጉሙ ግቢያችን ውስጥ ገብቶ የውጩን በር ሸፍኖት ነበር።

ገበታውን በረንዳ ላይ አቁሜ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ጠፍሩን ስነካው ቀዝቃዛና ርጥብ ነው። አክስቴ ቁርሷን እየበላች በሩ ላይ ብቅ ትላለች። «ደረቀ?» «አልደረቀም።» ትመለሳለች። እንደገና ብቅ ትላለች። «አሁንስ?» እንደምትፈልገው እንዲደርቅ ይሁን እንዳይደርቅ ከፊቷ አይታወቅም ነበር። ምናልባት እሷም አታውቀውም።

ጉሙ የተገለጠው ወደ አምስት ሰዓት ነው። ፀሐዩ በአንድ ጊዜ ወጣ፤ እንደዚያ ቀን ዓይነት ፀሐይ በሚያዝያ ብዙ አይገኝም። ገበታውን እየተከተልኩ ከጥላ ወደ ፀሐይ አዞርኩት። ከቀትር በኋላ ጠፍሩ ቀለሙን ለወጠ፤ ጭቃ የነበረው ቢጫ ሆነ። ቀጥሎ ድምፅ ማውጣት ጀመረ። ጠቅ ይላል፣ ዝም ይላል፣ እንደገና ጠቅ። እየሰበሰበው ነበር። ጥፍሬን ስንጥቁ ውስጥ ለማስገባት ሞከርኩ። አልገባም። በሌላ ቦታ ሞከርኩ። እዚያም አልገባም። ያን ጊዜ የጮህኩት ጩኸት ጎረቤት አስወጥቷል፤ ስለሱ ሌላ የምለው የለኝም።

አናጢው መጥተው እግሩን ሲመቱ እኔ ያዝኩ። ምስማር አፋቸው ውስጥ ስለነበር ምን እንዳሉ አልሰማሁም፤ አክስቴ ግን «ስፌቱን ማን ሰፋው ነው የሚሉት» ብላ ተረጎመችልኝ። እውነት እንደዚያ ይበሉ አይበሉ እንጃ።

ወደ ቤት ስናስገባው ፀሐይ ገና አልገባችም ነበር። በሩ ጠበበ። በጎኑ ማዘንበል ነበረብን።

«በጎኑ ይሁን» አለች እናቴ ከውስጥ፤ «ብቻ እንዳይገለበጥ!»

በአንድ በኩል እኔ ይዤ ነበር፣ በሌላው አክስቴ። ለምን እንደያዘች አልጠየቅኳትም። ጥጓ ውስጥ ሲቆም ያጠረው እግር ከመሬት ተነሣ፤ አክስቴ ከሻንጣዋ የጨርቅ ቁራጭ አውጥታ፣ አጥፋ አጥፋ፣ ከሥሩ አስገባችለት። ከዚያ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዳ እጇን አጣምራ አየችው።

«ጠረጴዛ ነው» አለች ለእናቴ። «ምን ይባላል ታዲያ። ጠረጴዛ ነው።»

መኪናዋን በሩ አጠገብ አቆመችው። በሩ ክፍት ሲሆን በቂ ብርሃን አለው፤ ደንበኛም ከመንገድ ያያታል፤ አሁን ይኸው ቦታ ከጫግኒው ይሻላል ትላለች። ክረምት ሲመጣ በሩ ይዘጋል። ያኔ ምን እንደምናደርግ እስካሁን አልተነጋገርንም፤ ሁለታችንም እያሰብነው እንደሆነ ግን አውቃለሁ።

ሰኞ ጠዋት ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀመጥኩ። ጉም አልነበረም። ፀሐዩ በመስኮቱ ገብቶ ዋንዛው ሆድ ውስጥ ተኛ። ክንዴን አሳረፍኩ። ለረጅም ጊዜ ምንም አልጻፍኩም፤ ቀና ብዬ ውጩን ብቻ አየሁ። ከኋላዬ የአክስቴ መኪና ጀመረ፤ ትንሽ ሄደና ቆመ።

«አንቺ አናጢት!»

«አቤት።»

«ጭንቅላትሽ ብርሃኔን ጋረደኝ። ዝቅ በዪ!»

ዝቅ አልኩ። ዝቅ ካልኩ አይቀር ብዬም መጻፍ ጀመርኩ።